የአህዮች ሰላምታ

ተረቴን የሚሰማ ጆሮውን ያቁም። አህዮችም በጊዜው ጆሯቸውን አቁመው ሰምተው ነበር፤ የሰሙት ነገር ግን አልገባቸውም።

ድሮ ድሮ በቆላው ጫካ ውስጥ እሳት ተነሣና እመት ጅግሪት የምትባል ጅግራ ጫጩቶቿን አስከትላ ተሰደደች። ስትሄድ ስትሄድ አህዮች ከሚኖሩበት ሰፊ ሜዳ ደረሰች። በሜዳው ላይ በጋም ክረምትም የማይደርቅ ምንጭ ነበር። ጫጩቶቹ ውኃውን ሲያዩ ሊጠጡ ሮጡ፤ የሜዳው አለቃ አያ ዳምጠው ግን መንገዱን ዘግቶ ቆመ።

«እንግዳ አንጠላም» አለ። «ለጊዜው ጠጡ። ክረምቱ ሲገባ ግን በቋንቋችን ትፈተኛለሽ። ካላወቅሽ ምንጩን ትለቂያለሽ።»

ጅግሪት ነገሩ ተገቢ መስሎ ታያት። በእነሱ አገር እየኖሩ ከእነሱ ጋር አለመነጋገር ደግ አይደለም ብላ አሰበች፤ እውነቷን ነው። በዚያ ላይ ከምንጩ ብትባረር ሌላ ውኃ እስክታገኝ ጫጩቶቿ መንገድ ላይ ያልቃሉ።

አስተማሪ ተመደበላት፤ የኔታ በቅሎ። የኔታ በቅሎ አባቱ አህያ፣ እናቱ ፈረስ ነበረች፤ የእናቱን ነገር ግን ማንም እንዲያነሳበት አይወድም። ለዚህም ይመስላል በሜዳው ውስጥ ከእሱ የበለጠ ለአህያ ቋንቋ የሚቆረቆር አልነበረም።

«እናንተ ጅግሮች አደጋ ስታዩ "ቃ ቃ ቃ" ብላችሁ ነገሩን ዱብ ታደርጉታላችሁ» አላት። «እኛ ጨዋ ነን። ምንም ወሬ ቢኖርሽ ሰላምታ ይቀድማል። መጀመሪያ ሣሩን ትጠይቂያለሽ፤ ከዚያ ጀርባውን፣ ከዚያ ጉልበቱን፣ ከዚያ ውርንጭላዎቹን፣ በመጨረሻም ጭራውን። መልሱን ሳትሰሚ ወደሚቀጥለው አታልፊም።»

«የኔታ፣ አህዮቹ እርስ በርሳቸው እኮ በአፍንጫቸው እፍ ብለው ነው የሚተላለፉት» አለች ጅግሪት።

«እነሱ ተወላጆች ናቸዋ» አላት።

ጅግሪት ተማረች። ለማናፋት ያልተፈጠረ ጉሮሮዋ እስኪቆስል አናፋች። አንገቷን ዘርግታ ስታናፋ ያያት ሁሉ አጥንት የተሰነቀረባት ይመስለው ነበር። ጫጩቶቹ ግን ባንድ ሰሞን አቀላጠፉት። ይባስ ብሎ ትንሹ ነቁጤ፣ «እማዬ፣ አህዮች ፊት "ቃ" አትበይ፣ ያሳፍረኛል» ማለት ጀመረ። እናቲቱ ከፋት። ልጇ ውኃ እየጠጣ ነውና ቻለችው።

ክረምቱ ገባና ጉባኤው ምንጩ ዳር ተሰበሰበ። አያ ዳምጠው ጀርባውን ለሸምበቆው ሰጥቶ ቆመ። ጅግሪት ለፈተናው ድንጋይ ላይ ወጥታ አፏን ልትከፍት ስትል፣ ከአለቃው ኋላ ሸምበቆው ውስጥ አያ ጅቦን አየችው። አድፍጦ ምራቁን ይውጣል።

«ቃ! ቃ—»

«በሜዳው ቋንቋ!» ብሎ አቋረጣት የኔታ በቅሎ። «አንዲት "ቃ" ብትጨምሪ ወድቀሻል።»

ጫጩቶቿ የእናታቸውን ጩኸት ሰምተው በመሸሽ ፈንታ በኀፍረት አንገታቸውን ደፉ። ጅግሪት እነሱን አየች፣ ምንጩን አየች፣ ከዚያ ማናፋት ጀመረች።

«ሣርዎ እንዴት ከረመ፣ አያ ዳምጠው?»

«እግዜር ይመስገን። የላይኛው ትንሽ ጠውልጓል፤ የታችኛው ግን ምን ይወጣለታል…» አለና ስለ ሣሩ በሰፊው አወራ። ጅቡ ጠጋ አለ።

«ጀርባዎስ?»

«የአምናው ቁስል ደርቋል፤ ዝናብ ሲመጣ ብቻ ያሳክከኛል።»

«ጉልበትዎስ፣ ውርንጭላዎችዎስ?»

«አንድ በአንድ!» አላት በቅሎው። አያ ዳምጠው ስለ ጉልበቱ ነገራት፤ ቀጥሎ ውርንጭላዎቹን በየስማቸው እየጠራ የእያንዳንዳቸውን ጤንነት አወራላት። ጅቡ አሁን ከኋላው ቆሟል።

«ጭራዎስ?» አለች ጅግሪት።

«ጭራዬማ—» አለ አያ ዳምጠው። ቀሪውን አልተናገረም፤ ጭራው ጅቡ አፍ ውስጥ ነበር።

ሜዳው ተተረማመሰ። አህያ በአህያ ላይ እየተደራረበ ሸሸ። ከሁሉም ቀድሞ የሸሸው የኔታ በቅሎ ሲሆን፣ ሲሸሽም በእናቱ ድምፅ እንደ ፈረስ ያሽካካ ነበር። ጅግሪት ጫጩቶቿን በክንፏ እየገፋች ቁጥቋጦ ውስጥ ከተተቻቸው። ጅቡ ጭራውን ይዞ ሄደ።

በማግሥቱ ጉባኤው እንደገና ተሰበሰበ።

«ጅቡን አይተሽው ነበር?» አላት አያ ዳምጠው።

«አይቼው ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሰላምታውን አልጨረስኩም ነበር» አለች በጠራ የአህያ ቋንቋ።

የኔታ በቅሎ ተነሣ። «ቋንቋችንን አንድም ሳትስት ተናግራለች። ተወላጅ ብትሆን ግን ሰላምታውን ትታ ትጮህ ነበር። አለመሳሳቷ ራሱ መጤነቷን ይመሰክራል» አለ። ጉባኤው በዚህ ተስማማና ምንጩን እንድትለቅ ፈረደባት። የኔታ በቅሎ ትናንት እንደ ፈረስ ማሽካካቱን ያነሳ አልነበረም።

ጅግሪት ጫጩቶቿን ሰበሰበች። ነቁጤ በአህያ ቋንቋ ያለቅስ ነበር።

«የመጨረሻ ቃል ካለሽ ተናገሪ» አላት አያ ዳምጠው።

«አለኝ፤ ሰላምታው ግን ይቀድማል» አለች። «ሣርዎ እንዴት አደረ?»

«እግዜር ይመስገን» አለ ከልማድ የተነሣ።

«ጀርባዎስ?»

«እግዜር ይመስገን።»

ጉልበቱንም ውርንጭላዎቹንም አንድ በአንድ ጠየቀችው፤ እሱም መለሰ።

«ጭራዎስ፣ አያ ዳምጠው?»