ብቻዋን ደሴት የገባችው ጀልባ ጉዳይ

እናንተ ስፌት ቤቱ በር ላይ የለጠፍኩትን ቆማችሁ የምታነቡ! «ትንቢት ስለተሸነፈች ነው የምትጮኸው» እያላችሁ አሰላን ያዳረሳችሁት እናንተ አይደላችሁም? እንግዲያው እስከ መጨረሻው አንብቡ። ጸሐፊ አድርጋችሁ የመረጣችሁኝ ራሳችሁ ናችሁ፤ እኔም የተባለውን ጽፌያለሁ።

የአሰላ የሪሞት ጀልባ እሽቅድምድም ማኅበር አስቸኳይ ስብሰባ
ቀን፦ ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ የወ/ሮ የሻረግ ልብስ ስፌት ቤት
የተገኙ፦ ጋሽ ዋቅጅራ (ሰብሳቢ፣ የድሮ ፈረስ ጋላቢ)፣ ወ/ሮ የሻረግ (ምክትል)፣ ኤቢሳ (ሞባይል ጠጋኝ፣ ተወዳዳሪ)፣ ሚፍታ (ተወዳዳሪ)፣ ትንቢት (ጸሐፊ፣ ተወዳዳሪ፣ ተበዳይ)
ምልአተ ጉባኤ፦ ሚፍታ በር ላይ ስልክ እያወራ ቢሆንም አንድ እግሩ ውስጥ ስለነበረ ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ ባለፈው እሁድ ዝዋይ ሐይቅ ላይ ማዕበል ነበር ወይስ አልነበረም?
ጸሐፊዋ ደንባችን ከጃፓን ሪሞት ጀልባ ተወዳዳሪዎች ቪዲዮ የተቀዳ መሆኑን፣ እነሱም ረጅም ርቀት የሚወዳደሩት በሚናወጥ ውሃ ላይ እንደሆነ አስታወሰች። ኤቢሳ «ነፋስ ነበር፤ ማዕበል ግን የለም» አለ። ሚፍታ ቁርሱን እንዳስመለሰ በማስረጃነት አቀረበ። ወ/ሮ የሻረግ ቁርሱ ምን እንደነበር ጠየቁ። ጨጨብሳ መሆኑ ተመዘገበ። ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ማዕበል ማለት ቢያንስ አንድ አባል ያስመለሰበት ውሃ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ከጃፓን የመጣው ሪሞት ለማን ይሰጥ?
ማኅበሩ ያለው ደህና ሪሞት እሱ ብቻ ነው። ያሸነፈ ሰው ዓመቱን ሙሉ ይሠራበታል። የእኔ ከመጫወቻ መኪና የተፈታ ነው፤ ትንሽ ራቅ ካለ አይሰማም።
ጸሐፊዋ የሆነውን አስረዳች። ሦስቱ ትንንሽ ጀልባዎቻችን ወደ ደሴቱ ተለቀቁ፤ እኛ ሪሞታችንን ይዘን በአሣ አጥማጅ ጀልባ ከኋላ ተከተልን። የሚፍታ እንቦጭ ውስጥ ገብታ ቀረች። የኤቢሳ ተገለበጠች፤ ዘሎ ገብቶ አቅፏት ወጣ። የእኔዋ ዳማ ማዕበሉን እየዘለለች ቀጠለች። አጥማጁ «እኔ ልጆች አሉኝ!» ብሎ ሲመልሰን ሪሞቴ አልደርስ አላት። ዳማ ብቻዋን ደሴት ገባች። የደሴቱ ሰዎች ፎቶዋን ልከዋል።
ሰብሳቢው «ስሚ ልጄ፣ ኢንተላ ኮ፣ ጋላቢውን ጥሎ የገባ ፈረስ አሸነፈ ሲባል ሰምተሻል?» አሉ። ጸሐፊዋ ጀልባ ፈረስ እንዳልሆነ በትህትና አስረዳች። («በትህትና» የሚለውን ወ/ሮ የሻረግ ተቃውመዋል።) ሰብሳቢው «ታዲያ ለምን በፈረስ ስም ዳማ አልሻት?» አሉ። ተሳቀ።
ኤቢሳ ዕድሉን አይቶ፣ እሱ ከፈረሱ ለአፍታም እንዳልተለየ አመለከተ። ጸሐፊዋ «አቅፈህ የወጣኸው እኮ ወደ ተነሳንበት ዳር ነው፣ አንተ ቀጣፊ!» አለች። ኤቢሳ «ተለያየን? አልተለያየንም» ሲል መለሰ። ከረጅም ውይይት በኋላ ኤቢሳ አሸናፊ እንዲሆን፣ ሪሞቱንም እንዲወስድ 4 ለ 1 ተወሰነ። ሚፍታ ስልኩን ወደ ሌላ ጆሮው ሲያዞር እጁ ስለተነሳ ድምፁ ተቆጥሯል።

አጀንዳ 3፦ ጋላቢ የሌላቸው ጀልባዎች
ወ/ሮ የሻረግ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ለየጀልባው አሻንጉሊት ጋላቢ እንዲሰፉ ተወሰነ። ጸሐፊዋ አሻንጉሊቱ ውሃ ውስጥ ቢወድቅስ ብላ ጠየቀች። ጉዳዩ ለሽማግሌ ተመራ።

ልዩ ልዩ፦ ወ/ሮ የሻረግ ውድድሩን ማን እንዳስጀመረው ጠየቁ፤ በደንባችን ሰብሳቢው ያላስጀመረው ውድድር ውድድር አይደለምና። ጋሽ ዋቅጅራ የዚያን ቀን ሳጉሬ ሠርግ ላይ እንደነበሩ፣ ጥሬ ሥጋውም እንዳማረ ገለጹ። ስለዚህ ውድድሩ እንዳልተደረገ፣ አሸናፊ እንደሌለ፣ ማዕበልም እንዳልነበረ፣ አሻንጉሊትም እንደማያስፈልግ፣ ሚፍታም እንዳላስመለሰ ተወስኖ፣ ከላይ ያለው ሁሉ ተሽሯል። ሪሞቱ ሰብሳቢው ቤት ይቀመጣል። ከቀኑ 11 ሰዓት ተበተንን።

ጋሽ ዋቅጅራ፣ ታላቄ ነዎት፣ አከብርዎታለሁ። ግን ባልተደረገ ውድድር እንዴት ፈረዱብኝ? ሪሞቱስ እርስዎ ቤት ምን ይሠራል? የፊታችን እሁድ እዚሁ በር ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ይመልሱልኝ፦ ውድድር ካልነበረ ዳማ ደሴቱ ላይ ምን ትሠራለች?