የጋሼ ዱባለ አፍንጫ

በየሰፈሩ ከእሳት አደጋ መኪና ቀድሞ የሚደርስ አንድ አፍንጫ አለ። እንዲያውም አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው እሳቱ ራሱ ሳይነሳ ነው። የሶማሌ ተራው ክቡር አፍንጫ ጋሼ ዱባለ ይባላሉ፤ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። "ሸተተኝ!" ካሉ ሰው የያዘውን ይጥላል።

ስንቱን አስጥለውናል! አንዴ "ሽቦ እየነደደ ነው" ብለው መደዳውን ሁሉ ጣቃ አሸክመው አስወጡት፤ የተገኘው ያረረ ሽሮ ነበር። ሌላ ጊዜ ጎማ ሸተታቸው፤ ግማሽ ቀን ተፈልጎ የአንድ ደንበኛ አዲስ ጫማ ሆነ። ይቅርታ ብሎ ነገር የለም። "ዛሬ ሽሮ ነው፤ ነገስ?" ይላሉ።

እኔ ምን አለሽ ተራ ከአሮጌ በርሜል ምድጃ የምሠራ በያጅ ነኝ። ባለፈው ክረምት ለፋና ቁርስ ቤት በተጨመቀ የሰጋቱራ ፍሬ የሚነድ ምድጃ ሠርቼ፣ የጭስ ማውጫውን በኮርኒሱ አሳልፌ ተከልኩላት። ቤቷን ከጋሼ ዱባለ ሱቅ የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። ገና ከመለኮሱ ብቅ አሉ።

"ሸተተኝ።"

"አዲስ ቀለም ነው ጋሼ። ሦስት ቀን ከነደደ ይጠፋል።"

አልዋሸሁም። ቀለሙና ብረቱ ላይ የቀረው ዘይት እስኪቃጠል አዲስ ምድጃ ሁሉ ይሸታል። በአራተኛው ቀን ግን ተመልሰው መጡ።

"ይገረም ልጄ፣ ያንተ ቀለም ፍታቱ መቼ ነው?"

የበሩን ማሸጊያ ቀየርኩ። መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በሚጨስ ወረቀት ፈተሽኩ። የሚወጣ ጭስ የለም፤ ለእኔም ለፋናም አልሸተተንም። እሳቸው ለአከራዩ ነገሩ። አከራዩም ቁርጡን አሳወቃት፤ ሽታው እስከ ዓርብ ካልጠፋ ምድጃዋን ይዛ ትወጣለች።

"ምን አደረግኩዎት ጋሼ? ወጥቼ የት ልገባ ነው?" አለቻቸው ፋና።

"በእሳት ከምትወጪ በእግርሽ ብትወጪ ይሻላል።"

ደሜ ፈላ። "እንግዲያው ይውጡና ያሳዩኝ!" ብዬ መሰላል አቆምኩላቸው። በዚያ ዕድሜያቸው ወጡ! አፍንጫቸውን እንደ ሐኪም ማዳመጫ ከቱቦው እያስጠጉ ኮርኒሱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

"ቀለም አይደለም። ፕላስቲክ ነው። ክፈተው።"

ገነጠልኩት። ወደ እሳቸው ሱቅ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ገመድ ትኩሱ ቱቦ ላይ ተኝቷል። ሽፋኑ ቀልጦ መዳቡ ሊታይ ትንሽ ቀርቶታል፤ አጠገቡ ደረቅ እንጨት፣ ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ እስከ ጣሪያ የተደረደረ ጣቃ። ከኮርኒሱ በላይ ምን እንዳለ ሳላይ ቱቦ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። መብራቱን አጥፍተን ገመዱን አራቅን፤ ቱቦውን ሁለተኛ ሽፋን አለበስኩት። ዓርብ ደረሰ፤ ምድጃውም ፋናም እዚያው ቀሩ።

ባለፈው ሳምንት ጋሼ ዱባለን ጉንፋን ጣላቸው። ፋና "እሳቸው ሳያሸቱልኝ አልለኩስም" ብላ ቁርስ ቤቱን ዘጋች። መደዳው ሁሉ በየሱቁ ሲያነፈንፍ ዋለ። በሁለተኛው ቀን ዳማከሴ ገዝቼ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ቤታቸው ሄድኩ። አሸት አድርጌ አፍንጫቸው ሥር ያዝኩላቸው።

"ምን ይሸትዎታል?"

"ምንም።"

ተስፋ ቆርጬ ቅጠሉን አስቀመጥኩት። እሳቸው ግን ፊታቸውን አጨማደዱ።

"ቆይ እስቲ... ካልሲ ከቀየርክ ስንት ቀንህ ነው?"

ስልኬን አውጥቼ ፋና ጋ ደወልኩ።

"ለኩሺው!"