ግድግዳ ውስጥ የተገኘ ሥጋ

ግድግዳ ውስጥ የተገኘ ሥጋ ትበላላችሁ? ቆይ፣ ቶሎ አትመልሱ። እኔና ሰይድ ይህን ጥያቄ ይዘን ሁለት ዓመት ተከራክረናል። እናንተ በአንድ ትንፋሽ ብትጨርሱት ቅር ይለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ሐይቅ ከተማ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ሬዲዮና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ። ታፔላው ላይ እንደዚያ ይላል እንጂ አሁን ሬዲዮ የሚያመጣ ሰው የለም። የሚመጣልኝ ሞባይልና የሶላር መብራት ነው። ሰይድ ደግሞ ግድግዳ የምንጋራ ልብስ ሰፊ ነው። አርባን ያለፈ፣ የሦስት ልጆች አባት፣ ሰው አክባሪ። እኔም ከሱ ባንስ በሁለት ዓመት ነው። ዕድሜያችንን የምነግራችሁ ቀጥሎ የምለውን ሰምታችሁ ጎረምሶች ናቸው ብላችሁ እንዳታልፉን ነው። ምሳ ሰዓት ሲደርስ በራችንን ገርበብ አድርገን እኔ ሱቅ ቁጭ ብለን ጌም እንጫወታለን። በቃ፣ ተናገርኩት።

ማጫወቻው የሰይድ ነው። ወንድሙ ከጅዳ ሲመለስ ይዞለት መጣ፣ ከአንድ ጌም ጋር። የኳስ ቢሆን ምን ነበረበት? የቫምፓየር ሆነ።

ቫምፓየር ለማታውቁ ደም መጣጭ ነው። ሞቶ የማይሞት፣ ፀሐይ የማይወድ፣ ልብሱ ግን ሁሌም የተተኮሰ ትልቅ ጌታ። ነጭ ሽንኩርት ሲሸተው እንደሚሸሽ ያነበብኩለት ቀን ሰይድ ከት ብሎ ሳቀ። ይሄማ የኛው ቡዳ ነው፣ ግንብ ስለሠራ ነው ስሙን የቀየሩለት አለ። ጌሙ ላይ እኛ የምንሆነው አዳኙን ነው። በሁለቱም ትርጉሙ አዳኝ ነው፤ ጭራቅ ያድናል፣ ሰው ያድናል። መሣሪያው ጅራፍ ነው። እኔ የተሸነፍኩት እዚህ ላይ ነው። ለቡሄ ጅራፍ ሳስጮህ ያደግኩ ሰው፣ በጅራፍ ጌታ ገርፈህ ጣል ስባል እንዴት አስችሎኝ ልቀመጥ?

እንግሊዝኛውን የማነበው እኔ ነኝ። አሥራ አንደኛ ክፍል ድረስ የተማርኩትን ሁሉ እዚያ ጨርሼዋለሁ። የታሪኩ አነጋገር ግን ጉድ ነው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ከመጀመሪያው አይነግራችሁም። በየክፍሉ ወረቀት ተጥሏል፤ እሱን እየለቀማችሁ ራሳችሁ ትገጣጥማላችሁ። ወረቀቱን የጻፈው ሰው ሁሉ ሲጽፍ እየሞተ ነው። አንዱ “በሩን እየሰበሩት ነው፣ ገቡ፣ አንገቴን ያዙኝ” ብሎ ይጽፋል። ሰይድ በዚህ በጣም ይናደዳል። አንገቱን የተያዘ ሰው ብዕር ይዞ ምን ያደርጋል፣ አይሮጥም ወይ ይለኛል። እኔ ምን ልበለው? አልጻፍኩት።

ደግሞ ጌታው። አዳኙ መግቢያው በር ላይ ገና ሲደርስ ራሱ ወርዶ በአንድ ጥፊ ቢለው እኮ ነገሩ ያልቅ ነበር። አይወርድም። መጀመሪያ ደካማውን አሽከር ይልካል፣ ከዚያ ትንሽ ጠንከር ያለውን፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ። አዳኙ በየደረጃው እየበረታ እንዲመጣለት ትምህርት ቤት የከፈተለት ነው የሚመስለው። ደረጃው ደግሞ አያልቅም። ግሸንን በእግሬ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ግን ቁጭ ብዬ ደከመኝ። በመጨረሻ እሱ ዘንድ ስትደርሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ብርጭቆ ይዞ፣ ረጅም ንግግር ያደርጋል። የሞተች ሚስቱን ያነሳል። ክፉ የሆንኩት በሷ ሐዘን ነው ይላል። በሞታችሁ ቁጥር ንግግሩን እንደገና ትሰማላችሁ። እኛ ከመሞታችን ብዛት በቃላችን ያዝነው። ሰይድ እንግሊዝኛ አያውቅም፣ ያን ንግግር ግን ከነሳሉ ይወጣዋል። የኦርጋን ሙዚቃው ሲሰለቸን ድምፁን ዘግቼ በሞባይሌ አምባሰል እከፍትበታለሁ። ያኔ ጌታው የእውነት ያዘነ ይመስላል፤ ለመግረፍም ያሳሳል።

ወደ ሥጋው ልመለስ። አዳኙ ሲቆስል ኃይሉ ይቀንሳል፤ የሚመለስለት ሲበላ ነው። ምግቡ ያለው ደግሞ ግድግዳ ውስጥ ነው። ግድግዳውን በጅራፍ ስትመቱት ይፈርስና በሳህን ላይ የተጠበሰ ጭን፣ ትኩስ፣ እንፋሎቱ እየወጣ ይመጣል። ማን እዚያ አስቀመጠው? አይነገርም። ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘነው ቀን ጆይስቲኩ ሰይድ እጅ ላይ ነበር። አዳኙን ሳህኑ አጠገብ አቆመውና ወደ እኔ ዞረ።

“ማን ባረከው?” አለኝ።

እናንተ ሳቃችሁ አይደል? እኔ አልሳቅኩም። ጥያቄው ትክክል ነው። እኛ አገር ሰርግ ሲደገስ ሁለት ድስት ይጣዳል፣ ለየራሳችን። ጭፈራው አንድ ነው፣ ድስቱ ሁለት። ከልጅነታችን የኖርንበት ነው፣ ማንም ቅር ብሎት አያውቅም። ስለዚህ አሰብኩና አዳኙ አንገቱ ላይ መስቀል አለ፣ አገሩ የክርስቲያን ነው፣ ሥጋውም የክርስቲያን ነው አልኩት። ሰይድ አመስግኖኝ አዳኙን እያስነከሰ ይዞት ሄደ። አዳኙ ሦስት እርምጃ ሳይሄድ ሞተ። ጌም እኮ ነው ትሉ ይሆናል። እሱም ያውቃል ጌም እንደሆነ። ጣቴ እምቢ አለኝ ነው ያለው።

እና በኔ ተራ እኔ እበላዋለኋ? ተው እንጂ። ረቡዕ አለ፣ ዓርብ አለ። ፍልሰታ አለ፣ የነቢያት ጾም አለ፣ የሐዋርያት አለ፣ ሁዳዴ አለ። የሰይድ ጣት እምቢ ካለ የኔ ጣት ከማን ያንሳል? ጠበልም አለ በጌሙ፣ በጠርሙስ ሆኖ ጭራቅ ላይ የሚወረወር። እኔ ጠበል መሬት ላይ አልወረውርም። ሰይድ ደግሞ በኔ አፍሮ አይወረውርም። “ያንተን ጠበል እኔ ልድፋው? አስተግፊሩላህ” አለኝ። እንዲህ እንዲህ እያልን ያን ምስኪን አዳኝ ያለ ምግብ፣ ያለ ጠበል፣ በባዶ ሆዱ በጅራፍ ብቻ አሠማራነው። ጌሙን የሠራው ሰው ሐይቅ ዳር ቢያድግ ኖሮ ግድግዳው ውስጥ ቆሮሶ ዓሣ ያስቀምጥ ነበር። ዓሣ ማን ባረከው አይባልም፤ ሰይድ ቢስሚላህ ብሎ ይበላዋል። እኔም ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር ተገን አድርጌ አንድ ሁለቴ እጎርስ ነበር።

ታዲያ ባለፈው ሰይድ ሥራ አገኘ። ኮምቦልቻ፣ አንድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ፣ የስፌት ክፍል ኃላፊ። ከዒድ በኋላ ና ተባለ። እንኳን ደስ ያለህ አልኩት፣ ከልቤም ነው። ግን ወደ ሱቄ ተመልሼ አንድ ሞባይል ፈታሁና መልሼ መግጠም አቃተኝ። አሥራ አንድ ዓመት የሱ ስፌት መኪና ሲንቀረቀር ስሰማ ነው የኖርኩት። አሁን ከግድግዳው ወዲያ ጸጥ ሊል ነው።

እሱም ሳይከፋው አልቀረም። በማግሥቱ ጌሙን ሳንጨርስ አልሄድም አለ። ያኔ የጌታው አዳራሽ ከደረስን ወራት አልፎን ነበር፤ ጌታውን ግን አንድ ቀን ጥለነው አናውቅም። ሁለት ዓመት የለፋንበትን ነገር መጨረሻ አብረን ሳናይ እሱ ወዲያ እኔ ወዲህ? አይሆንም ተባባልን።

ጊዜው ግን ሁዳዴና ረመዳን የገጠሙበት ሆነ። ከአንድ ወገን ጥሩ ነው፣ ምሳ የለም፤ የምሳ ሰዓት በሙሉ ለጌሙ ሆነ። ከሌላው ወገን አዳኙ የሁለታችንንም ጾም በአንድ አንጀቱ ያዘው። ሥጋ አጠገብ በደረስን ቁጥር ክርክር ነው። አንድ ቀን የሰይድ እናት እማማ ዘይነብ ያሳጠሩትን ቀሚስ ሊወስዱ መጡና በራችን ላይ ቆመው አዳመጡን። ምንድን ነው የሚያጨቃጭቃችሁ አሉ። ነገርናቸው። ቀረብ ብለው ስክሪኑን አዩት፣ ግድግዳውን አዩት፣ ሳህኑን አዩት።

“ማን እንደባረከው ነው የምትከራከሩት። መቼ እንደባረከው የጠየቀ አለ?” አሉ። “ግድግዳ ውስጥ ተለስኖ የከረመ ሥጋ እንኳን ለሰው ለጅብም አይሰጥ።” ቀሚሳቸውን ይዘው ሄዱ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ይህ አንድ ቀን እንኳ ትዝ ብሎን አያውቅም።

ዒድ አለፈ። ሰይድ ከነቤተሰቡ ቅዳሜ ጠዋት ሊሄድ፣ ዓርብ ምሳ ሰዓት ለመጨረሻ ተቀመጥን። እሱ ከጁምዓ መጥቶ ጀለቢያውን ሳይቀይር፣ እኔ የሁዳዴ ጾሜ ላይ። ጆይስቲኩ እሱ ጋ ነው። አላህ ያውቃል፣ እንደዚያ ቀን ተጫውቶ አያውቅም። ጌታው ሊወድቅ አንድ ግርፊያ፣ ቢበዛ ሁለት ቀረው። የኛም አዳኝ ነፍሱ በክር ላይ ነች። በዚህ መሃል አንዱ ጅራፍ ስቶ ግድግዳ መታ። ግድግዳው ፈረሰ። ሳህኑ መጣ።

ሰይድ ጆይስቲኩን ሰጠኝ። እንካ፣ ያንተ ሥጋ ነው፣ ብላና ጨርሰው አለኝ። እኔ መልሼ ሰጠሁት። ሁዳዴ ነው፣ አንተ ፈስከሃል፣ ዛሬ ለአንተ ስል የእናትህንም ቃል እረሳለሁ፣ ብላ አልኩት። እንዴት አድርጌ አለ። በሞቴ አልኩት። ኧረ በኔ ሞት አለኝ። ጆይስቲኩ እንደ ሰርግ ቤት ጉርሻ ከእጅ ወደ እጅ ይመላለሳል። ያ ሲያገኘን ሲያገኘን ንግግር የሚያደርገው ጌታ ያን ዕለት አንድ ቃል ሳይተነፍስ ከኋላ መጣ።

በይሉኝታ የሞተ አዳኝ ቢኖር የኛው ብቻ ነው። ወድቆ እንኳ ሳህኑ አጠገቡ ይጨሳል። ሳቅን። እንባችን እስኪመጣ ሳቅን፣ ከዚያ ሳቁ ቆመ፣ የማን እንባ የምን እንደሆነ መለየት አቃተ። እንደገና እንዳንሞክር መብራት ሄደ። ትናፍቀኛለህ አልኩት፣ እንዲሁ በግልጽ። አብሽር፣ ኮምቦልቻ እኮ ነው አለኝ። ማጫወቻውን እዚሁ ይቀመጥ ብሎ ተወልኝ፣ ያለኔ እንዳትነካው ብሎም አስማለኝ።

አልነካሁትም። ፋሲካ መጥቶ ጾሜን ፈታሁ፣ በየቀኑ አየው ነበር፣ አልነካሁትም። የዳግም ትንሣኤ ዕለት እሑድ በምሳ ሰዓት በሬ ተንኳኳ። ሰይድ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ፣ ከደሴ ሐይቅ በሚኒባስ መጥቶ ጫማው ላይ አቧራ እንኳ የለም። እኔ ባሕር እንደተሻገረ ሰው ነው እኮ ያለቀስኩለት።

ተቀመጥን። ጆይስቲኩን እኔ ያዝኩ። በዓለ ሃምሳ ነው፣ ረቡዕ የለ ዓርብ የለ። አዳራሹ ደረስን፣ ንግግሩን ሰማን፣ ሰይድ አብሮ ተናገረው። ተጋረፍን። ግድግዳው ፈረሰ፣ ሳህኑ መጣ። የእማማ ዘይነብ ነገር ትዝ አለኝና እጄ ዘገየ። ቋንጣ ነው ብለህ ዋጠው አለኝ ሰይድ። ዋጥኩት። የአዳኙ ኃይል ጢም ብሎ ሞላ፤ ለካ ሲበላ እንዲህ ነው። በሦስት ግርፊያ ጌታው ወደቀ። ደረቱ ላይ እንጨት ተተክሎበት ሌላ ረጅም ንግግር አደረገ፣ ከዚያ አመድ ሆነ።

ሙዚቃ መጣ። የሠሩት ሰዎች ስም እየተንፏቀቀ ወደ ላይ ወጣ፣ ብዛቱ። ሰይድ “አለቀ” አለ። ቃሉን አልወደድኩትም። ስሞቹን እያየሁ በሆዴ የማስበው ሌላ ነው። ይህን ሊጨርስ ነው የመጣው፤ ጨረሰው። የሚመጣው እሑድ ደግሞ ምን ያመጣዋል? ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ መንገድ ነው፣ ሚስት አለች፣ ልጆች አሉ። እሱም ጃኬቱን አንስቶ ጭኑ ላይ አድርጎታል።

ስሞቹ አለቁና ስክሪኑ ጠቆረ። ከዚያ ጽሑፍ መጣ። ምን ይላል አለኝ። አነበብኩት። የተሳሳትኩ መሰለኝና ደግሜ አነበብኩት።

“እንኳን ደስ አላችሁ። ቀላሉን ደረጃ ጨርሳችኋል። መካከለኛው ተከፍቶላችኋል ይላል።”

ሰይድ ስክሪኑን አየ፣ እኔን አየ። ሁለት ዓመት።

“ከመካከለኛው በኋላ ከባዱ አለ፣ ከዚያ በጣም ከባዱ” አልኩት።

ጃኬቱን መልሶ ሚስማሩ ላይ ሰቀለው።

“አልሐምዱሊላህ” አለ።