ጭስ የማያውቀው ምድጃ

ምድጃ መምረጥ ባል ከመምረጥ ይከብዳል ብል ባሎች አይቀየሙኝ። ባል ሲመረጥ ሽማግሌ አለ፣ ዘመድ አለ፣ ዘር ማንዘሩ ይጠየቃል፤ ቢያጠፋም የሚከሰስበት ደጅ አይጠፋም። ምድጃ ግን ምን ዘመድ አለው? እንግዳ ተቀምጦ፣ ወጥሽ ገና ሳይንተከተክ እልም ብሎ ቢጠፋ ማን ዘንድ ሄደሽ ትከሺዋለሽ? ቀበሌ? ቀበሌማ መጀመሪያ ዕቃውን በየት በኩል አስገባሽው ብሎ አንቺኑ ነው የሚያስቀምጥሽ። ስለዚህ ምድጃ የምትመርጥ ሴት ዓይኗን ብቻ ሳይሆን ክንዷንም ይዛ ገበያ ትውጣ እላለሁ። ክንዷን ለምን እንዳልኩ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

እኔ ነገሌ ቦረና የገባሁት ሃምሳ አለቃን ተከትዬ ነው። ሃምሳ አለቃ ባሌ ነው። ስም አለው፤ ግን በጦር ሰፈሩ አካባቢ ባልን በማዕረጉ መጥራት ልማድ ስለሆነ እኔም በዚያው ቀረሁ፤ ስሙ ትዝ የሚለኝ ስቆጣው ብቻ ነው። ልጅ አልወለድኩም። የእህቴን ልጅ ሰናይትን ከሕፃንነቷ አምጥቼ አሳደግሁ። ስለ መልኳ ባላወራ ይሻላል፤ አክስት ናት ታጋንናለች ትላላችሁ፤ አገር ይመስክር።

ይህችን ልጅ ቦሩ የሚባል የሊበን ገጠር ልጅ ወደዳት። የእርሻ ቢሮ ሠራተኛ ነው፤ ከብት ይከትባል። እሷም ወደደችው። እኔማ ከሁለቱም ብሼ ወደድኩት። እንዴት አልወደው? ዶሮዎቼ ሲያንቀላፉ አይቶ ሳልለምነው መድኃኒት ይዞ የመጣ ልጅ ነው። የዶሮን ሕመም የሚያይ ሰው የሚስቱን ሊያልፍ ነው?

ቦሩ አባቱ በልጅነቱ ስለሞቱ ለእሱ የሚቆሙት አጎቱ አባ ጎልቻ ናቸው። አባ ጎልቻን ምን ብዬ ላመስግናቸው? ረጅም፣ ዝምተኛ፣ የታመመችን ላም ከመንጋ መሃል በአረማመዷ የሚለዩ ሽማግሌ። የሚያስፈራው አንድ ጠባያቸው ነው፤ ሁለት ጊዜ ከተመለሱበት ደጅ ሦስተኛ አይቆሙም። ልጅ እንደሚወዱት ሁሉ ቃላቸውንም ይወዱታል። ይህን ጠባያቸውን የነገሌ ሰው ሁሉ ያውቃል።

እንግዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጡ የሚያዝያ ዝናብ አገሩን አርሶታል። እንጨቴ የራሰ ግራር ነው። የራሰ ግራር ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ አይነድም፣ አይጠፋም፣ ዝም ብሎ ያጨሳል። ሽማግሌዎቹ በረንዳ ላይ ንጹሕ አየር እየሳቡ ተቀምጠዋል፤ ሰናይትና እኔ ወጥ ቤት ውስጥ ታፍነናል። ልጄ የእጅ ውኃ ይዛ ብቅ ስትል ዓይኗ ደም መስሏል፣ እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል። እኔም ከኋላዋ አፍንጫዬን እየጠረግሁ ወጣሁ።

አባ ጎልቻ የያዙትን ወተት ሳይቀምሱ አስቀመጡት። ቀስ ብለው ልጅቱ ታለቅሳለች አሉ። አክስትየዋም ታለቅሳለች አሉ። እያለቀሰች የምትመጣ ልጅ እኛ አንወስድም፣ ጥጃ እንኳ ከእናቷ ጎትተን አናስወጣም አሉ። ጭሱ ነው ብዬ ማልኩ። ሁሉም ቤተሰብ እንዲህ ይላል አሉኝ። ከዚያ ተነሥተው፣ ልጅቱን በፍቅር አነጋግሯት፣ በሌላ እሑድ እንመለሳለን ብለው «ናጋ»፣ ሰላም ሁኑ ብለውን ሄዱ።

ሰናይት ያን ቀን በእውነት አለቀሰች። «አክስቴ፣ ስጠብቀው ኖሬ ስጠየቅ አልቅሼ መለስኩት?» አለችኝ። እኔም በማግስቱ ሐጂ ሱቅ ሄድኩ።

ሐጂ ከዶሎ ድንበር በኩል የሚገባው ዕቃ ሁሉ የሚያርፍባቸው ነጋዴ ናቸው። በአማርኛ ይሸጣሉ፣ በኦሮምኛ ያስቃሉ፣ በሶማልኛ ይከራከራሉ፤ ዋጋ ሲቀነስባቸው ደግሞ በሁሉም ቋንቋ ዝም ይላሉ። ጭስ የሌለው ምድጃ ስላቸው በነጭ ጋዝ የሚሠሩ ሦስት አወጡልኝ። አንደኛው በፓምፕ የሚነፋ ነው። ሃምሳ አለቃ ቀድሞ እሱን ግዢ ብሎ መክሮኝ ነበር፤ ድምፅ የሌለው መሣሪያ አይታመንም ይላል። ሁለተኛው ባለ ሦስት እግር፣ አበባ የተሳለበት፣ የሙሽራ ሳጥን የመሰለ። ሦስተኛው አረንጓዴ፣ ባለ አራት እግር፣ ሰፊ፣ ሁለት ድስት የሚሸከም፣ መልኩ ግን እንኳን ሰው ጋዝም የማይስብ።

አሁን ክንዴ መጣ። ሐጂ እሳቱን ለኩሰው ሊያሳዩኝ ሲሉ ቆዩ አልኳቸው። ከነጠላዬ ሥር ድስቴን፣ ዱቄቴንና ማማሰያዬን አወጣሁ። ምድጃ በእሳቱ አይመረጥም፤ እሳትማ ክብሪትም አለው። ምድጃ የሚመረጠው ገንፎ ሲገነፋበት ነው። ወጥ ለምድጃ ምን ያከብደዋል? ገንፎ ግን ሲጠነክር ሰው ይታገላል፤ በሙሉ ክንድሽ ስታማስይው ከሥሩ ያለው እግሩን ካላጸና ድስቱም አንቺም መሬት ናችሁ።

ባለ ፓምፑን ለኮሱት። እንደ ጭነት መኪና አጓራ። በሱቁ ደጅ የነበሩ ፍየሎች ወደ ሜጋ መንገድ ሸሹ። ማማሰል ስጀምር ደግሞ መራመድ አመጣ፤ እኔ እያማሰልኩ ተከተልኩት፣ ሐጂ እኔን ተከተሉ፣ በሩ ጋ ደርሰን አጠፋነው። ባለ አበባውም ጥቂት ታገሠኝና እንደ ግመል አንድ እግሩን አጥፎ ተንበረከከ። አረንጓዴው ግን፣ የእኔ ጌታ፣ በሁለት እጄ ብገፋው አልነቃነቅ አለ። እንደ አባ ጎልቻ ዝም ብሎ ቆመ። ነበልባሉ ሰማያዊ፣ ጭስ የሚባል የለ፣ የድስቴ ቂጥ እንደታጠበ ነው። ደስታዬ አልቻለኝም። ገንፎውንም ገበያተኛው በሐጂ ቅቤ በላው። ሐጂ «እትዬ የሺ፣ ምድጃ ሊገዙ ነው የመጡት ወይስ ሱቄ ውስጥ ሆቴል ሊከፍቱ?» አሉኝ።

እሑድ ደረሰ። እንመጣለን የሚል መልእክት በቦሩ በኩል ተልኮልናል። ወጡ በአረንጓዴው ምድጃ አንዱ አፍ፣ ወተቱ በሌላው አፍ፤ ቤቴ እንደ አዲስ ጥጥ ንጹሕ። ሰናይት ኩሏን ተኩላ፣ ዓይኗ ወተት መስሎ ተቀምጣለች። ጠበቅን። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፣ አለፈች። ወጡ እንዳማረበት ነው፣ ምድጃው አልደከመም፤ የደከምነው እኛ ነን። ሰናይት በሩን ማየት ትታ ጣቶቿን ማየት ጀመረች። እኔም እንግዲህ ሁለተኛው ይህ ነው፣ ሦስተኛ የለም አልኩ።

ያን ጊዜ ሐጂ ሽርጣቸውን ሰብስበው እየሮጡ ገቡ። ሐጂ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም።

ነገሩ ለካ እንዲህ ነው። ሽማግሌዎቹ መጥተዋል። ከደጃችን ፊት ለፊት ካለው ግራር ሥር ቆመው የወጥ ቤታችንን ጣራ አይተዋል። ጭስ የለም። ተያይተው ተመልሰዋል። የሊበን መኪና እስኪነሣ ሐጂ ሱቅ ሻይ እየጠጡ፣ አባ ጎልቻ እኛን ያመሰግናሉ። «ጨዋ ሰዎች ናቸው። እንደምንመጣ እያወቁ እሳታቸውን አጠፉ። አልፈልግም ብለው አላዋረዱን፤ ከሩቅ አይተን እንድንመለስ አደረጉን» ይላሉ። ሐጂ ደግሞ በራሳቸው ምድጃ የተነሣ ሰርግ ሊፈርስ ስለሆነ ላብ አጥምቋቸዋል። ጭስ የሌለው እሳት ሸጬላቸው ነው ቢሏቸው አባ ጎልቻ ሣቁ፤ «ሐጂ፣ ለመሸጥ ብለህ ብዙ ስትል ሰምቼሃለሁ። ይሄኛው ግን ለአንተም በዛ» አሏቸው።

ሐጂ ነጋዴ አይደሉ? ተከራከሩ። ሰው ተመለሰ የሚባለው ደጅ ከደረሰ ነው፣ እናንተ የቆማችሁት ግራር ሥር ነው፣ ግራር ደግሞ የማንም ደጅ አይደለም አሉ። አባ ጎልቻ ቃላቸውን የሚወዱ ሰው ስለሆኑ ይህ ነገር ያዛቸው። አሰቡና፣ ሻዬን ሳልጨርስ እዚሁ ሆኜ ከዚያ ጣራ ጭስ ካየሁ እሄዳለሁ አሉ።

«እትዬ፣ ሻዩን እንደ እሳት አፍልቼ ሰጥቻቸው ነው የመጣሁት፤ አጭሱ» አሉኝ ሐጂ።

ሰናይትን ከምድጃው ጋር ጓዳ አስገብቼ በሩን ዘጋሁባት። የተጣለውን የራሰ ግራር ሰብስቤ አሮጌው ጉልቻ ላይ ከመርኩ፤ ለአዲሱ ምድጃ ከገዛሁት ጋዝ ቀንሼ አርከፈከፍኩበት። ጭሱ ጣራውን አልፎ ሰማይ ነካ። ከጦር ሰፈር ያየ ሃምሳ አለቃ ቤቱ ተቃጠለ ብሎ ባልዲ ውኃ ይዞ ደረሰ። ሊደፋበት ሲል ያን ቀን ስሙ ትዝ አለኝ፤ በሙሉ ስሙ ጠራሁት። ባልዲውን አስቀምጦ እሱም እፍ ማለት ጀመረ።

መጡ። «አካም» ብለን ሰላምታ ተለዋወጥን። ሰናይት ወጡን ይዛ ከጓዳ ወጣች፤ ዓይኗ የጠራ፣ ፊቷ ሁሉ ሣቅ። አባ ጎልቻ እሷን አዩ። ዞረው እኔን አዩ። እኔ ጥላሸት ለብሼ፣ እንባዬ እየወረደ፣ አፍንጫዬን በነጠላዬ እየጠረግሁ ቆሜያለሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «አሁን ልክ ሆነ። ልጅቱ ትስቃለች፣ አክስትየዋ ታለቅሳለች። የደግ ቤት ልጅ የምትወጣው እንዲህ ነው» አሉ። ኧረ ጭሱ ነው ልል አፌን ስከፍት ሐጂ እግሬን ረገጡኝ።

ሰናይት አሁን ሊበን ናት፤ የራሷ ቤት አላት። አረንጓዴው ምድጃ አንድ ቀን ሳያሳፍረኝ እያገለገለኝ ነው። ባለፈው ገንፎ እያገነፋሁበት ሃምሳ አለቃ ገባና እርጥብ ፊቴን አይቶ ምን ሆነሽ አለኝ። ጭሱ ነው አልኩት። ጎንበስ ብሎ ሰማያዊውን ነበልባል አየ፣ የድስቱን ንጹሕ ቂጥ አየ፣ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፤ ከዚያ ምንም ሳይናገር ድስቱን በሁለት እጁ ያዘልኝ። እኔም ማማሰሌን ቀጠልኩ። ባልም ለካ እንደ ምድጃ ነው፤ የሚመረጠው ዝም ብሎ የሚቆመው ነው።