እትዬ ፎቶ ስትሰፋ

በየቤተሰቡ ውስጥ ማንም ሳይሾማት ራሷን የፎቶ ጉዳዮች ሚኒስትር ያደረገች አንዲት ሴት አለች። እኛ ቤት የለችም የምትሉ ካላችሁ ገና ተራችሁ አልደረሰም፤ ለማንኛውም መሳቢያችሁን ቆልፉ። እንዲህ ያለች ሴት ልጠይቃችሁ መጣሁ ብላ ትገባለች እንጂ የምትጠይቀው እናንተን አይደለም። ደህና ናችሁ ወይ ብላ ሳትጨርስ ዓይኗ ግድግዳ ግድግዳውን ይቃኛል። ሻዩ ሳይፈላ "ያ የልጅነት ፎቷችሁ የት ገባ?" ትላለች። ሻዩ ሲቀርብ መሳቢያው ተከፍቶ፣ የልጅነት ዘመናችሁ ጠረጴዛ ላይ ተበትኖ፣ ሴትዮዋ ደረቷን እየደቃች ነው። "ውይ፣ ውይ፣ እንዲህ ይጣላል? እርጥበት በልቶት! ለሁለት ቀን ብቻ ስጡኝ፣ አስተካክዬ እመልሰዋለሁ።"

ሁለት ቀን በእሷ አቆጣጠር ምን ያህል እንደሆነ እስካሁን የደረሰበት ሰው የለም።

የዚህኛው ቤተሰብ ሚኒስትር እትዬ ናት። ስም አላት፤ ግን የሚጠራት ስለሌለ እሷም የረሳችው ይመስላል። ከታናናሽ ወንድሞቿ ጀምሮ ከሱቋ ጎን እስካለው ዳቦ ሻጭ ድረስ ሁሉም እትዬ ነው የሚላት። ሥራዋ ልብስ ስፌት ነው። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ጠባብ መስታወት፣ ደግሞም ሁልጊዜ ጨርቅ ስለሚቆለልበት ማንም ተቀምጦበት የማያውቅ አንድ ወንበር ባለበት ክፍል ውስጥ፣ የሰው ሱሪ ስታሳጥርና የሰው ቀሚስ ስታጠብ ፀጉሯ ሸብቷል። ዘመድ አዝማዱን ያስለቀሰው የቤተሰብ አልበም የተሠራውም እዚያው ነው።

ጉዱ ያለው ሙያዋ ላይ ነው። ሌላ ሰው ፎቶ ሲያይ መልክ ያያል፤ እትዬ ትርፉን ታያለች። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ትሰቅልና "ይሄ ጫፍ እዚህ ምን ይሠራል? ይሄስ ግድግዳ?" ትላለች። ከዚያ ሜትሩ ከአንገቷ ይወርዳል፣ ጠመኔው ከኪሷ ይወጣል፣ ያ ረጅም መቀስ ይነሣል። ቆርጣ ስታበቃ በሙጫ ብትለጥፈው እንኳ አንድ ነገር ነበር። ክብርት እትዬ ግን ሙጫ አታምንም። "ሙጫ ዛሬ ይዞ ነገ ይለቃል፤ እኔ የማምነው ክር ነው" ትልና ፎቶውን ወፍራም ካርቶን ላይ አድርጋ በመኪና ትሰፋዋለች። ዙሪያውን፣ በቀይ ክር፣ ልክ እንደ ትራስ ልብስ። አልበሙን የሚያገላብጥ ሰው የዘመዱን ፊት ከመለየቱ በፊት የመርፌውን ቀዳዳ ያያል።

የመጀመሪያው ሰማዕት መምህሩ ነበር። መምህሩ ከእትዬ ቀጥሎ የተወለደ፣ ሒሳብ የሚያስተምር፣ ተማሪ የሚፈራው ሰው ነው። የልጅነት ፎቶ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ቆሞ፣ አፉን እስከ ጉሮሮው ከፍቶ ሲያለቅስ የተነሣው። ሞኝ ሆኖ ሰጣት። ሲመለስለት ወንበሩ ከነጎኑ ተቆርጦ አንድ እግር ጎድሎታል፤ ልጁ ግማሽ አካሉ አየር ላይ ሆኖ ያለቅሳል።

"እትዬ፣ የወንበሩ እግር የት ሄደ?"

"ምን ያደርግልሃል? ያንተ እግር አለልህ አይደል?"

"የቆረጥሽውን እኮ ነው የምጠይቅሽ።"

"ትርፍ ነው አልኩህ፣ ትርፍ! እንዳይጠፋ ብዬ እኮ ነው የምደክመው። ይሄ ነው ምስጋናው?"

"እንዳይጠፋ ብዬ እኮ ነው" ከተባለ በኋላ ክርክር የለም። ይህች ቃል የእትዬ ማኅተም ናት፤ ከተመታች ጉዳዩ ተዘጋ። የአክስታቸው ልጅም ደርሶባታል። ግቢ ውስጥ ገመድ ስትዘል የተነሣችው ፎቶ ነበራት፤ ሲመለስ የገመዱ ጫፍ ተቆርጦ፣ ገመዱን ማን እንደያዘው ሳይታይ ልጅቷ ብቻዋን ተንጠልጥላለች። አለቀሰች፣ ለሽማግሌ ነገረች፣ ሽማግሌውም ሊያስታርቅ እትዬ ሱቅ ሄዶ የገዛ ልጁን የልጅነት ፎቶ አስረክቦ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ዘመዱ ዘዴ አበጀ። እትዬ ከመንገዱ ጥግ ብቅ ስትል ፎቶ ሁሉ ፍራሽ ሥር ይገባል። የመምህሩ ልጆች ይህን ሲያደርጉ ከእሳት አደጋ ሠራተኛ ይፈጥናሉ።

ከሁሉም በላይ የሚፈራት ግን ትንሹ ነው። ትንሹ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነው፤ አውቶቡስ ይነዳል፣ ራሱ ተመልጧል፣ ቦርጭ አውጥቷል፣ አሁንም ትንሹ ነው። የሚፈራበት ምክንያት አለው፤ ይህ ምክንያት ቀልድ ስለሌለበት እንዳለ ይነገር። በዚያ ቤተሰብ ውስጥ የእናታቸው ፎቶ የለም። ፎቶ አንሺ በመጣ ቁጥር "እኔን ተዉኝ፣ ልጆቹን አንሡ" ብላ ወደ ዳር የምትሸሽ ሴት ነበረች። የመታወቂያዋን ፎቶ እርጥበት በልቶት ነጭ ወረቀት ሆኗል። ስትሞት ትንሹ ገና ግድግዳ ይዞ የሚሄድ ልጅ ነበርና ፊቷን አያውቀውም። ሲጠይቅ መምህሩ "ሞላላ ነበር ፊቷ" ይለዋል። እትዬ ደግሞ "የምን ሞላላ? ክብ ነው እንጂ!" ብላ ትጮኻለች። ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ትንሹ ባዶውን ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ያለችው አንዲት እጅ ናት። ሦስቱ ልጆች ተሰልፈው የተነሡበት ፎቶ ላይ፣ ከዳር ገብታ፣ ትንሹ እንዳይወድቅ ትከሻውን የያዘች እጅ። እስከ አንጓዋ ትታያለች፤ የቀረው ከፎቶው ውጪ ነው። ትንሹ ይህን ፎቶ መስታወት አስገብቶ ሳሎኑ ውስጥ ሰቅሎታል። ጠዋት ወደ ሥራ ሲወጣ፣ ጫማውን እያሰረ፣ ያቺን እጅ ያያል። ለባለቤቱም "ቤቱን ለሌባ ክፈችው፣ ይሄን ፎቶ ግን ለእትዬ እንዳትሰጪ" ብሏታል።

አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ግድግዳው ላይ የቀረው ሚስማሩ ብቻ ነበር።

"ለሁለት ቀን ብቻ አለችኝ" አለች ባለቤቱ፣ ዓይኑን ላለማየት ሰሐን እያጠበች። "መስታወቱ ውስጥ እርጥበት ገብቷል፣ ሊጠፋ ነው እያለች ደረቷን ስትደቃ ምን ልበላት?"

ትንሹ የሥራ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ሮጠ። ሱቁ በር ላይ ሲደርስ የስፌት መኪናውን ድምፅ ሰማ። ገባ። ፎቶው መኪናው ላይ ነው፤ ሦስቱም ልጆች በቀይ ክር ታጥረዋል። ትንሹ ከዳር ቆሟል፤ ከትከሻው ቀጥሎ ካርቶን ነው።

"እጇስ?" አለ።

እትዬ ቀና አለች። "ግባና በሩን ዝጋ፣ አቧራ..."

"እጇስ አልኩሽ! አንቺ ሴትዮ፣ እጇን የት አደረግሽው?"

በዕድሜው ሙሉ አንቺ ሴትዮ ብሏት አያውቅም። ዳቦ ሻጩ ከጎን አንገቱን አወጣ፣ ነገሩ ከባድ መሆኑን አይቶ መልሶ አስገባ። ትንሹ አለቀሰ። አውቶቡስ ሙሉ ሰው የሚያዝዝ፣ በትራፊክ ፖሊስ የማይደነግጥ ሰው፣ መቀስና ቁርጥራጭ መካከል ቆሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሌላ ነገር አልነበረኝም አለ። መምህሩ መልኳ አለው፣ አንቺም መልኳ አለሽ፣ እኔ ያቺ እጅ ብቻ ነበረችኝ አለ።

እትዬ "እንዳይጠፋ ብዬ" አላለችም። እግሯን ከመኪናው ፔዳል ላይ አንሥታ፣ ሄዳ በሩን ራሷ ዘጋችው። ከዚያ ማንም ተቀምጦበት ወደማያውቀው ወንበር ሄዳ የተቆለለውን ጨርቅ በሁለት እጇ አንሥታ መሬት ላይ አደረገችው። ከሥሩ አንድ ካርቶን ነበር። አንሥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት።

"ተቀመጥ" አለችው።

ካርቶኑ ላይ ትርፍ የተባለው ሁሉ ተሰፍቷል። እጇ አለች፣ ያቺው እጅ፣ ከትከሻው የተቆረጠችው። ከሷ ጎን የመምህሩ ወንበር እግር አለ፤ ወንበሩን ደግፎ የያዘ የሰው ክርን አብሮት አለ። የአክስታቸው ልጅ የዘለለችበት ገመድ ጫፍ አለ፤ ገመዱን የሚያዞር ክንድ ይዞታል። በር ላይ የቀረ የቀሚስ ጫፍ አለ። ግድግዳ ላይ የወደቀ ጥላ አለ። ሽማግሌው ካስረከበው ፎቶ የተቆረጠ አንድ ተረከዝ አለ፣ እየራቀ የሚሄድ። ከየሰዉ ልጅነት ዳር ዳሩን ተለቅማ የመጣች አንዲት ሴት ናት። መካከሉ ላይ በጠመኔ ክብ ተሠርቷል፤ ክቡ ውስጥ ምንም የለም።

"ፊቷ አንዱ ጋ ይኖራል ብዬ ነው የሰው መሳቢያ የምበረብረው" አለች እትዬ። "ልጅ ሁሉ እሷ ጋ ነበር የሚውለው። ከአንዱ ልጅ ጀርባ፣ ሳታውቀው፣ ዞር ስትል ተይዛ ይሆናል ብዬ።"

"ለምን አልነገርሽንም ታዲያ?"

"ፊት የሌላትን እናት ምን ብዬ ላሳያችሁ? ላግኝና አሳያቸዋለሁ አልኩ።" መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጠረገችው። "መምህሩ ሞላላ ሲል እጮህበት የለ? ውሸቴን ነው። አላውቅም። ድሮ ዓይኔን ስጨፍን ትመጣልኝ ነበር። አሁን ቀሚሷ ነው የሚመጣልኝ። እየጠፋችብኝ ነው፣ ትንሹ። እናንተ እኮ እንዳይጠፋ ስላችሁ ፎቶው ይመስላችኋል።"

ትንሹ መንጃ ፈቃዱን ከኪሱ አወጣ፤ ከጀርባው ፕላስቲክ ውስጥ ከዘመዱ ሁሉ የደበቀው አንድ ፎቶ ነበር፤ ከእትዬ መቀስ እስከ ዛሬ ያተረፈው። የአባታቸውን ኮት ሲወርስ የውስጥ ኪሱ ውስጥ ያገኘው ነው። አንድ ሕፃን ሰው ጭን ላይ ተቀምጧል፤ አፉን ከፍቶ ወደ ላይ አንጋጧል። ሕፃኑ እሱ መሆኑን በጆሮው ቅርጽ ያውቃል። ጭኑ የማን እንደሆነ ግን አያውቅም። የአክስቱ ይሆናል፣ የጎረቤት ይሆናል፤ ከደረት በላይ የለም። የተበላሸ ፎቶ ነው፣ ዝንብ ሳይ ነው ያነሡኝ ብሎ ከራሱ ጋር ይስቅበት ነበር።

"ይሄ ነው የቀረኝ" አለ። "ፊት ግን የለውም። ከጠቀመሽ ቁረጪው።" ቁረጪው ሲል ፊቱን ወደ መስታወቱ አዞረ።

እትዬ ፎቶውን መብራቱ ሥር አቀረበችው። ከሕፃኑ በፊት ያየችው ቀሚሱን ነው፤ ልብስ ሰፊ አይደለች! ከጉልበቱ በታች ወዳለው ጠርዝ ጣቷን ወሰደች።

"ይሄን ጠርዝ የዘመዘምኩት እኔ ነኝ።"

"ምን?"

"እየው፣ ሲጣመም። መርፌ የያዝኩ የመጀመሪያ ቀን ነው። ቢያስጠላኝ ልፍታው አልኳት። እንዲሁ እለብሰዋለሁ፣ አንቺ ነሽ የሰፋሽው አለችኝ። እሷ ናት፣ ትንሹ። ጭኗ ላይ ነህ።"

ትንሹ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። እትዬ መቀሱን አነሣች። ጠመኔውን አላነሣችም፣ ሜትሩንም አላወረደችም። መቀሱን ከፍታ ፎቶውን ስታይ ቆየችና መልሳ አስቀመጠችው።

"ወዴት ነው የምታየው እዚህ ላይ?"

"እኔ? ዝንብ ይሆናላ።"

"ዝንብ አይደለም።" አለች እትዬ። "እኔም በፎቶዬ ካሜራውን ነው ያየሁት፣ መምህሩም ካሜራውን። አባባ ካሜራውን እዩ ስላለን ሁላችንም የምናየው እሱን ነው። አንተ ግን ምንም አልገባህም ነበር። ቀና ብለህ እሷን እያየህ ነው።"

ጠመኔ ክቡን በእጅጌዋ ጠረገችው። የስፌት መኪናውን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ፣ ቀጭን መርፌ ፈልጋ፣ ነጭ ክር አስገባች። ፎቶውን ሳትቆርጥ፣ እንዳለ፣ መካከሉ ላይ አስቀመጠችው። መርፌው ወረቀቱን እንዳይነካው ከአራቱ ማዕዘን ላይ በክር ብቻ እያቀፈች ካርቶኑ ላይ በእጇ አሰረችው። ከአልበሙ ሁሉ ያልተወጋ ፎቶ ያ ብቻ ነው። ትንሹ እስክትጨርስ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጦ ነበር።

"መጣችልህ?" አለች እትዬ፣ ክሩን በጥርሷ በጥሳ።

"አልመጣችም።"

"ለእኔም።"

ተነሥቶ የሥራ ልብሱን አስተካከለ፣ አፍንጫውን ጠረገ፣ በሩን ከፈተ። ከውጭ ዳቦ ሻጩ ምንም እንዳልሰማ ሆኖ መደርደሪያ ይጠርጋል። ትንሹ ደፉ ላይ ቆሞ ሳይዞር ተናገረ።

"ለሁለት ቀን ብቻ ነው የሰጠሁሽ፣ እትዬ።"

"እሺ የኔ ልጅ" አለች እትዬ፣ ጨርቁን ከመሬት እያነሣች። "ለሁለት ቀን ብቻ።"