የአቶ ይርጋ የተቆላ ሻይ

ምላስዎ ምን እንደ ቀመሰ ሌላ ሰው ነግሮዎት ያውቃል? እኔን ጎረቤቴ አቶ ይርጋ ሲነግሩኝ ኖረዋል። የፋብሪካ መካኒክ ናቸው። ለሥልጠና ቻይና ደርሰው ከተመለሱ ወዲህ ጣና ዳር ባለው ግቢያቸው ኡሎንግ የሚባል፣ ቅጠሉ በእሳት የተቆላ ሻይ ያፈሉ ነበር።

እሳቸው ዘንድ ስኳር ነውር ነው። የመጀመሪያው ውሃ ቅጠሉን አጥቦ ይደፋል፤ የሚጠጣው ሁለተኛው ነው። ከዚያ "ምን ቀመስህ?" ይሉኛል። አፌን ሳልከፍት "መጀመሪያ የተቆላ ገብስ፣ ኋላ ማር" ብለው ራሳቸው ይመልሳሉ።

አንድ እሑድ ከሰዓት እኔና የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን መሪጌታ አብረን ሄድን። ሐይቁ ጸጥ ብሏል፤ የወፍ ድምፅ እንኳ አልነበረም። ፉት ስል ገብሱም ማሩም መጣልኝ። መሪጌታም "እውነትም ገብስ ገብስ ይላል" አሉ።

ይህን ጊዜ የአቶ ይርጋ ባለቤት ወይዘሮ ስንዱ የሻዩን ጣሳ ይዘው ከጓዳ ብቅ አሉ።

"ቅጠሉ እኮ እዚህ ነው። ምኑን ነው የምትጠጡት?"

አቶ ይርጋ የበራዱን ክዳን አነሱ። ውስጡ ኩልል ያለ ውሃ ብቻ ነበር። ለሳቅ አፌን ከፈትሁ፤ የገብሱ ጣዕም ግን ምላሴ ላይ ነበርና ሳቁ አልመጣም።

ወይዘሮ ስንዱ ሊታዘቡን ስኒዬን አንስተው ቀመሱ። ፊታቸው ተለወጠ።

"ገብስ ነው" አሉ ቀስ ብለው።

አቶ ይርጋ በራዱን ወስደው ሐይቁ ውስጥ ደፉት። ከዚያ ወዲህ ሻይ አፍልተው አያውቁም። እኔ ግን ቤቴ ቀዝቃዛ ውሃ ስጠጣም ገብስ ይለኛል። ለሚስቴ አልነገርኋትም፤ ትቀምሰዋለች ብዬ እፈራለሁ።