ሽማግሌዎቹ ያላመኑት ምሰሶ

አገሩን ለቆ የሚወጣ ሰው ብዙ ነገር ትቶ ይወጣል። ቤቱን ይተዋል፣ ዕቃውን ይተዋል፣ አንዳንዱማ ትክክለኛ ዕድሜውን ሳይቀር ትቶ ይወጣል። ሽማግሌ ትቶ የወጣ ሐበሻ ግን እስካሁን አላየሁም። እዚህ ካምፓላ ሦስት ሆነን ከተገናኘን አንዱ ምግብ ቤት ይከፍታል፣ ሁለተኛው ይበላል፣ ሦስተኛው ሁለቱን ያስታርቃል። እንዲህ ስል ሽማግልናን የናቅሁ እንዳይመስላችሁ። ባልና ሚስት ፖሊስ ጣቢያ ከሚካሰሱ ታላቅ ሰው ፊት ተቀምጠው ቢወቃቀሱ እንደሚሻል እኔም አምናለሁ። ችግሩ፣ ሽማግሌ አንዴ ከቤቱ ከተነሣ ሳያስታርቅ አይመለስም። የተጣላ ሰው ባያገኝ እንኳ አስታርቆ ነው የሚሄደው።

ይህን የምለው በራሴ ስለደረሰ ነው።

እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ። ኪሱጉ ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ሁለት የስፌት መኪና አለኝ፤ ለሆቴልም ለመኖሪያ ቤትም እሰፋለሁ። ዘመኑ ዘጠና ስምንት ነው፣ ካምፓላ መብራት በፈረቃ የምታገኝበት። መብራት ሲመጣ ሳልነሣ እሰፋለሁ፣ ሲጠፋ እዚያው ተቀምጬ እስኪመጣ እጠብቃለሁ። እንዲህ እንዳለሁ አርባ ሞላኝና ወገቤ ጎንበስ ካለ ቀና ማለት እምቢ አለ። ሐኪም ዘንድ ብሄድ ስለ ወገቤ ትቶ ስለ ስኳሬ ነገረኝ። ከፍ ማለት ጀምሯል፤ መድኃኒት ከመጀመርሽ በፊት ስድስት ወር ስፖርት ሞክሪ አለኝ። ስኳር ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ የእናቴን ዓይን የወሰደው እሱ ነው። ዓይኗ የጠፋ ልብስ ሰፊ ምን ትሠራለች? ከክሊኒኩ ወጥቼ ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ሳይክል ላይ ስወጣ የሰፈሬን ስም ስለተሳሳትኩ ሹፌሩ ሁለት ጊዜ ዞር ብሎ አየኝ።

መጀመሪያ በእግር መሄድ ሞከርኩ። ጧት ጧት ነጭ ጫማዬን አድርጌ ዳገቱን እያያዝኩት እወጣለሁ። ግን ምን ዋጋ አለው? የሚያውቀኝ ሐበሻ ሁሉ መኪናውን ያቆማል። ምነው በደኅና ነው? ታክሲ አጥተሽ ነው? ግቢ፣ ግቢ። ስፖርት ላይ ነኝ ብል ይስቃሉ፤ እምቢ ብል ይቀየማሉ። ስለዚህ እገባለሁ። ሐኪሙ ካዘዘልኝ የእግር ጉዞ አብዛኛውን የጨረስኩት በሰው መኪና ነው።

በዚህ መሃል ሙየንጋ ካለ ትልቅ ግቢ ሥራ መጣልኝ። የቤቱ እመቤት ሩት የምትባል ዚምባብዌያዊት ናት፤ ባሏ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ነው። ለሳሎኗ ሳይሆን ለጋራዧ ወፍራም መጋረጃ ፈለገች። ሜትሬን ይዤ ብገባ መሃል ላይ ከወለል እስከ ጣሪያ የቆመ የሚያብረቀርቅ የብረት ቱቦ አለ። ጣሪያው ሊወርድ ደርሶ ደግፈውት መሰለኝና ወደ በሩ ሸሸት አልኩ። ሩት ሳቀችብኝ። ጫማዋን አውልቃ ቱቦውን ያዝ ስታደርግ አየሁ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ልነግራችሁ አልችልም። ብቻ እግሮቿ ከራሷ በላይ ነበሩ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው ስትለኝ ያገኘሁት ሳጥን ላይ ቁጭ አልኩ።

ስፖርት መሆኑን አስረዳችኝ። ቱቦውን ካትዌ ያሉ በያጆች ናቸው የሠሩላት። ማክሰኞና ሐሙስ ስድስት ሴቶች እየመጡ በምሰሶው ላይ ይወጣሉ፣ ይዞራሉ፣ ይወርዳሉ፤ ውዝዋዜም ጉልበትም ነው። መጋረጃው ዘበኛውና ሾፌሩ እንዳያዩ ነው። ወገቤን ስነግራት፣ ለወገብ ከዚህ የተሻለ የለም አለችኝ። መጋረጃውን በሳምንት አደረስኩና ሰባተኛዋ ሴት እኔ ሆንኩ።

አሁን፣ ካባላጋላን የምታውቁ ሰዎች ጭንቀቴ ይገባችኋል። ለማታውቁት ልንገራችሁ። ካባላጋላ ውስጥ የኛ ምግብ ቤቶች ከጭፈራ ቤቶች ጋር ግድግዳ ይጋራሉ። ከጭፈራ ቤቶቹ ባንዳንዶቹ ደግሞ እንዲህ ያለ ምሰሶ አለ፤ እዚያ ላይ የሚወጡት ልጆች ስኳራቸው ከፍ ብሎ አይደለም። በኛ ሰው ዘንድ ምሰሶና ሴት አንድ ላይ ከተነሡ ሌላ ትርጉም የላቸውም። የማኅበራችን እናት እትዬ ትርንጎ በዚያ በር ሲያልፉ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ ያደርጋሉ። እኔ ደግሞ ያው ማኅበርተኛ፣ ሰንበት ለሰንበት ቤተ ክርስቲያን የማልቀር ባለትዳር ነኝ። ስለዚህ ለማንም አልተናገርኩም። ለባሌ ለአሰፋ እንኳ የሙየንጋዋ ሴትዮ መጋረጃ አላልቅ አለ አልኩት። አሰፋ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፤ ስለ ብሎን እንጂ ስለ መጋረጃ አይጠራጠርም። አመነኝ። እንቅልፍ የነሳኝም ማመኑ ነው።

ምሰሶውን የሚይዘው ልብስ አይደለም፤ ልብስ ያንሸራትታል። ባዶ ቆዳ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ቁምጣ ተለብሶ፣ በጭንና በክንድ ተጣብቆ ነው የሚወጣው። ባንድ ሳምንት ክንዴም ጭኔም በልዞ ወይን ጠጅ ሆነ። ግን እውነቱን ልናገር፤ በሦስተኛው ሳምንት እግሬ ከመሬት ለቆ እስከ አምስት ስቆጥር ቆየሁ። ስወርድ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው። ወገቤም ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው አላስቸገረኝም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ማኅበሩ እትዬ ትርንጎ ቤት የወጣ ዕለት ሣህን ላጥብ ብዬ ሳላስበው እጅጌዬን ሰበሰብኩ። እትዬ ትርንጎ አጠገቤ ነበሩ። ክንዴን አዩ፣ ሣህኑን ከእጄ ተቀበሉኝ። ምሳ ሲቀርብ እኔ ፊት የተቀመጠው ሥጋ ለሦስት ሰው ይበቃ ነበር። ሴቶቹ ሁሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያናግሩኝ ጀመር። አንዷ፣ ቻል አድርጊው እህቴ፣ ሁሉም ያልፋል አለችኝ። ስኳሬን ሰምተው ነው ብዬ አመስግኜ ቤቴ ገባሁ።

ሐሙስ ዕለት አሰፋ ከሱቅ ሲመጣ፣ ጋሽ ወርቁ ደውለው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት አባቶች ይዤ እመጣለሁ ማለታቸውን ነገረኝ። ጋሽ ወርቁ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ እዚህ ከተማ እርሳቸው ያላስታረቁት ትዳር የለም። አሰፋ ለቤተ ክርስቲያኑ አጥር ብረት ሊጠይቁት መስሎት ዋጋ ማስላት ጀምሯል። እኔ ለእትዬ ትርንጎ ደወልኩ። አይዞሽ ልጄ አሉኝ፤ ላንቺ ስል ተናግሬልሻለሁ፣ ከእንግዲህ እጁን አያነሣብሽም።

ለካ ክንዴን አይተው ነው። አሰፋ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ እኔን ቀርቶ በር በኃይል መትቶ አያውቅም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው። ሦስት ቀን ነበረኝ። ሐሙስ ልነግረው ስል እራት ቀረበ። ዓርብ ስል መብራት ጠፋ፤ በጨለማ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም ብዬ ተውኩት። ቅዳሜ መብራት ነበር፤ ያን ቀን ደግሞ ፊቱ በደንብ ስለሚታይ ፈራሁ። ወይ የሱ ስም ይጠፋል፣ ወይ የኔ። ሌላ መንገድ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ።

እሁድ መጡ። ጋሽ ወርቁ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው፣ የመጣነው ለበጎ ነው፣ አንተም ልጃችን እሷም ልጃችን ናት ብለው ጀመሩ። አሰፋ ስለ አጥሩ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ሴት ልጅን መምታት የሚለው ቃል ሲወጣ አፉ እንደተከፈተ ቀረ። አልመታሁም አለ። ዋሸህ አላሉትም፤ እትዬ ትርንጎ በዓይናቸው አይተዋል ብቻ አሉት። አሰፋ ወደኔ ዞረ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ምን አድርጌሽ ነው የሚል ብቻ ነበር። ያን ፊት ማየት አቃተኝና ብድግ አልኩ።

ሁሉንም ተናገርኩ። ስኳሩን፣ ሩትን፣ ጋራዡን፣ ቁምጣውን። ምሰሶ ላይ ተንጠልጥዬ የበለዝኩት ነው አልኩ። ሦስቱም ሽማግሌዎች መሬት መሬት አዩ። ጋሽ ወርቁ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

“ልጄ፣ ደረጃ ላይ ወደቅሁ ያለች ሴት ሰምቻለሁ። በር መታኝ ያለችም ሰምቻለሁ” አሉ። “ለባሏ ስትል ራሷን ምሰሶ ላይ ያወጣች ግን ካንቺ በቀር አላየሁም።”

ከዚያ ወደ አሰፋ ዞሩ። ተመልከት አሉት፤ ያንተን ገመና ለመሸፈን ስትል የራሷን ስም አጠፋች፤ ይህችን ነው የምትመታው? አንደኛው ሽማግሌ ዕንባቸውን ጠረጉ። እኔ በእመቤቴ ስም መማል ጀመርኩ። በማርያም ስም አትማይ ብለው ተቆጡኝ።

አሰፋ ለረጅም ጊዜ አየኝ። እኔን ማመኑን ከዓይኑ አወቅሁ። ተነሥቶ የጋሽ ወርቁን ጉልበት ሳመና አጥፍቻለሁ አለ። ሁለተኛ እጄን አላነሣባትም ብሎ ቃል ገባ። እነሱም መርቀውን፣ ምሳ በልተው፣ ደስ ብሏቸው ሄዱ።

በሩን ዘግቼ ስመለስ ለምን እንዲህ አልክ አልኩት።

“ሚስቱን የመታ ሰው እሁድ መጥተው ያስታርቁታል” አለኝ። “ሚስቱ ምሰሶ ላይ የወጣችበትን ሰው ግን በየትኛው እሁድ ሊያስታርቁት ነው?”

ደግሞ ለምን አልነገርሽኝም አለና ሁለት ቀን አኮረፈኝ፤ መብቱ ነው። ማክሰኞ ግን እኔም ልየው ብሎ ተከትሎኝ ሙየንጋ መጣ። ሴቶቹ ከመድረሳቸው በፊት ጋራዡ ገብቶ ቱቦውን ነቀነቀው፣ ከታች ተንበርክኮ አየው፣ ብሎኑ ቀጭን ነው አለ። በማግስቱ ከሱቁ ወፍራም ብሎን አምጥቶ በራሱ እጅ አሰረው። ስለ ጉዳዩ ሌላ አልተናገረም። እኔም ከዚህ የበለጠ የፍቅር ቃል ሰምቼ አላውቅም።

ቆዳ ሲቆይ ይለምዳል። በሦስት ወር ውስጥ ብልዘቱ ጠፋ። እትዬ ትርንጎ እሁድ እሁድ ሲስሙኝ እጅጌዬን ከፍ እያደረጉ ያዩ ነበርና አንድ ቀን ተመስገን ብለው አማተቡ። አሰፋ ተለወጠ ተባለ። ሱቁ ድረስ እየሄዱ በሁለት እጅ የሚጨብጡት በዙ። ጋሽ ወርቁማ በየሄዱበት ቤት፣ ሰው እንደሚመለስ በአሰፋ አይቻለሁ ይሉ ጀመር። ባልሠራው ኃጢአት ንስሐ ገብቶ የከበረ ሰው የኔ ባል ሳይሆን አይቀርም። እንስቅ ነበር፣ በሩን ዘግተን።

ሳቁ የቆመው ጋሽ ወርቁ እንደገና የደወሉ ዕለት ነው። ሙቱንጎ ሰፈር ሚስቱን የሚመታ ሰው አለ፤ አንተ ያለፍክበት ነህና አብረኸን ና፣ ካንተ ቢሰማ ይሻላል አሉት። አሰፋ አልሄድም አለ። ብትቀር አገረሸበት ይሉሃል ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ።

አመሻሹ ላይ ተመልሶ ጫማውን ሳያወልቅ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ሰውየው መጀመሪያ ካደ፤ ቀጥሎ ተነሥቶ የጋሽ ወርቁን ጉልበት ስሞ አጥፍቻለሁ አለ።

“ልክ እኔ ያልኩትን ነው ያለው” አለኝ አሰፋ። “ቃል በቃል። እነሱም ልክ ለኔ እንዳደረጉት መርቀውት ተነሡ።”

ሲወጡ ሴትየዋ እስከ አጥሩ በር ሸኘቻቸው። ሌሎቹ መኪና ውስጥ ሲገቡ አሰፋን ወደኋላ አስቀርታ፣ እርስዎን ምን አስተወዎት ብላ ጠየቀችው።

“ምን አልካት?” አልኩት።

“ሚስቴ ጠነከረች አልኳት።”

ይህን ቃል ይዛ ወደዚያ ቤት ተመልሳ ምን ታደርግበታለች? ማን ትባላለች አልኩት። አሰበ፣ አሰበና አላውቅም አለኝ። ጋሽ ወርቁ ዘንድ ደወልኩ፤ እርሳቸውም የሚያውቁት የባሏን ስም ነው። እትዬ ትርንጎም እንዲያው።

ማክሰኞ ደረሰ። ጋራዡን ትቼ በቦዳ ሙቱንጎ ወጣሁ፤ ሐይቁን ቁልቁል የሚያየውን ቤት በአሰፋ ምልክት አገኘሁት። አንኳኳሁ፣ ሴትየዋ በሩን ገርበብ አድርጋ ከፈተች። መጀመሪያ የጠየቅኋት ስሟን ነበር። ከመንገሯ በፊት ዞር ብላ ወደ ቤት ውስጥ አየች።